ሕግ የሚያከብር ጠላት

የዘመኑ አክሽን ጌሞች ጠላቶቻቸውን ከ40 ዓመት በፊት ከነበሩ የሳንቲም ማሽኖች እንዴት ወረሱ? ይህስ ለገዳሪፍና ለመተማ ወጣት ምን ይጠቅመዋል?

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ በሱዳን በኩል ካለችው የድንበር ከተማ ከጋላባት ገዳሪፍ በሚዘልቀው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ቀን ቀን የሚታየው ጎንበስ ያለ ጀርባና የታሰረ ነዶ ነው። ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከትግራይ የወረደ ሠራተኛ ለብዙ ዓመታት ድንበሩን እየተሻገረ እዚህ ማሳ ላይ ወዙን አፍስሷል። ጀምበር ስትጠልቅ ሰው ወደ ጄኔሬተሩ ጥግ ይሰበሰባል፤ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው እዚያ ነዋ። አንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ ይጫወታል፤ ሦስት አራት የሚሆኑት ከትከሻው በላይ አንገታቸውን አስግገው ያሠለጥኑታል። «ተው፣ አትጠጋው!» ይላል አንዱ። «ቆይ፣ አሁን ፊቱን ያዞራል!» ይላል ሌላው። «ክንዱን አነሣ፤ ሽሽ!»

ጌሙ የትኛውም ይሁን ምክሩ አንድ ዓይነት ነው። ስለ ተጫዋቹ ጣት ፍጥነት የሚያወራ የለም፤ የሚወራው ስለ ጠላቱ ጠባይ ነው። መቼ እንደሚቆጣ፣ መቼ እንደሚዘናጋ፣ ምን ሲያይ እንደሚሮጥ ያውቁታል። መመሪያ ያነበበ የለም። ጠላቱ ራሱ በእንቅስቃሴው ነግሯቸዋል።

ይህ በእንቅስቃሴ የመናገር ጥበብ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚፈስባቸው የዘመኑ አክሽን ጌሞች ጥበቡን የተማሩት፣ ሳንቲም እየዋጡ ይሠሩ ከነበሩት የጃፓንና የአሜሪካ ማሽኖች ነው። ማሽኖቹ ደግሞ የተማሩት ከራሳቸው ድህነት። የማስታወሻ አቅማቸው ትንሽ ስለነበር ለእያንዳንዱ ጠላት ረጅም አእምሮ መስጠት አይቻልም ነበር፤ የሚቻለው አንድ አጭር ሕግ መስጠት ነው። ያ አጭር ሕግ ነው እስከ ዛሬ የሚሠራው።

ቁጥሩ ሲያንስ የሚፈጥን ጭፍራ

እ.ኤ.አ. በ1978 የታይቶ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ጌም ሠራ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከስክሪኑ አናት በአምስት ረድፍ፣ በየረድፉ ዐሥራ አንድ እየሆኑ፣ 55 ባዕድ ፍጡራን ይሰለፋሉ። ወደ ጎን ይሄዳሉ፤ ጠርዙን ሲነኩ አንድ ደረጃ ወርደው ወደ ሌላኛው ጎን ይመለሳሉ። ተጫዋቹ ከታች ሆኖ ይተኩሳል። መጀመሪያ ላይ ጠላቶቹን በሰው መልክ መሥራት ታስቦ ነበር፤ ሰው ላይ መተኮስ አይገባም ተብሎ ቀረና ሸርጣንና ኦክቶፐስ የመሳሰሉ የባሕር እንስሳት መልክ ተሰጣቸው።

ማሽኑ አቅመ ደካማ ነበር። ስክሪኑ በፍጡራን ሲሞላ ሁሉንም አንቀሳቅሶ ለመጨረስ ጊዜ ይወስድበታል፤ ተጫዋቹ እየገደለ ቁጥራቸውን ሲያሳንሰው ግን ሥራው ይቀልለትና ይፈጥናል። ኒሺካዶ ይህን እንደ እንከን አላረመውም፤ እንዲያውም ለጌሙ ጠቃሚ ሆኖ አገኘውና ተወው። በዚህ የተነሣ የመጨረሻው ፍጡር ከሁሉም ፈጣኑ ሆነ። በጭፍራው እርምጃ ልክ የሚመታው ባለ አራት ኖታ ድምፅም አብሮ ይፈጥናል። ተጫዋቹ በጥይቱ ጠላትን ያሳንሳል፤ በዚያው ጥይት የቀረውን ጠላት ያከፋዋል። ድሉ ራሱ ችግር ይወልዳል።

ይህ ውርስ ዛሬ በየጌሙ አለ። ተጫዋቾች «ቦስ» የሚሉት የመጨረሻው ግዙፍ ጠላት ጉልበቱ ሲጋመስ ለምን ይፈጥናል? በ2017 የወጣውን «ካፕሄድ» የተጫወተ ሰው እንደሚያውቀው፣ እያንዳንዱ ቦስ እየተመታ ሲሄድ መልኩንና አመታቱን ይቀይራል። የዛሬ ኮምፒውተር ጠላት በማነሱ የተነሣ አይፈጥንም፤ ሠሪዎቹ ሆን ብለው የሚያፈጥኑት የሞት አፋፍ ላይ ያለ ጠላት ከጤነኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራ ከዚያ ማሽን ስለተማሩ ነው።

አራት ቀለም፣ አራት ጠባይ

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ የናምኮው ቶሩ ኢዋታኒና ባልደረቦቹ «ፓክማን»ን አወጡ። ተኩስ የለበትም። አንድ ቢጫ ክብ ፍጡር ግድግዳ በበዛበት ውስብስብ መንገድ እየዞረ 240 ነጠብጣቦችን ይለቅማል፤ አራት መናፍስት ያሳድዱታል። አራቱም በቅርጽ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በቀለምና በጠባይ ነው።

ቀዩ፣ ብሊንኪ፣ ነገረ ሥራው ግልጽ ነው፤ ፓክማን አሁን ያለበትን ቦታ ዒላማ አድርጎ ከኋላ ይከተላል። ሮዝማው፣ ፒንኪ፣ ዒላማው ከፓክማን ፊት አራት ካሬ ርቆ ያለው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይደነቀራል። ሰማያዊው፣ ኢንኪ፣ ከሁሉም የተወሳሰበ ነው። ከፓክማን ፊት ሁለት ካሬ ርቆ ያለውን ነጥብ ይወስዳል፤ ከቀዩ መንፈስ እስከዚያ ነጥብ መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ በእጥፍ ሲረዝም የሚያርፍበት ቦታ የእሱ ዒላማ ነው። ቀዩ ሲቀርብ እሱም ይቀርባል፤ ቀዩ ሲርቅ መድረሻው አይታወቅም። ብርቱካናማው፣ ክላይድ፣ ከፓክማን ከስምንት ካሬ በላይ ሲርቅ ያሳድዳል፤ ሲቀርብ ግን ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ማዕዘኑ ይሸሻል።

እነዚህን አራት ሕጎች በአንድ ገጽ ደብተር ላይ መጻፍ ይቻላል። አንዱ መንፈስ ለሌላው አይነግርም፤ የሚያዝዛቸው አለቃም የለም። ተጫዋቹ ግን ተመካክረው የከበቡት ይመስለዋል፤ አንዱ ከኋላ እየነዳ፣ ሌላው ከፊት እየጠበቀ፣ ሦስተኛው ከጎን እየገባ። ተንኮሉ የተወለደው ከሕጎቹ መጋጠም ነው። የዛሬ ሠሪዎች ጠላትን በተናጠል ብልህ ማድረግ ትተው፣ ቀላል ጠላቶች ሲደባለቁ ምን እንደሚፈጠር የሚያስቡት ከዚህ የተነሣ ነው።

«ፓክማን» ሌላም ነገር አስተማረ፤ እሱም ዕረፍት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ መናፍስቱ ለ7 ሰከንድ ያህል ወደየማዕዘናቸው ይበተናሉ፤ ከዚያ ለ20 ሰከንድ ያሳድዳሉ፤ እንደገና ይበተናሉ። ኢዋታኒ ያለ ፋታ የሚያሳድድ ጠላት ተጫዋቹን ከልክ በላይ እንደሚያስጨንቅ ገብቶት ነበር። የለውጡ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ በስክሪኑ ላይ ምንም ባይጻፍም ዓይን ያለው ያየዋል። «አሁን ፊቱን ያዞራል!» የሚለው ምክር መነሻው ይህ ነው።

በ2008 ቫልቭ ያወጣው «ሌፍት ፎር ዴድ» ይህንኑ ትንፋሽ በትልቅ መጠን ይዞ መጣ። በጌሙ ውስጥ የተጫዋቾቹን ጭንቀት የሚለካ የማይታይ አዘጋጅ አለ፤ ጭንቀቱ ጣሪያ ሲነካ ጭፍራውን ይሰበስባል፣ ትንሽ ያስተነፍሳል፣ መልሶ ይለቅቀዋል። በ2014 የወጣው «ኤልየን፦ አይሶሌሽን» ደግሞ ሁለት አእምሮ አለው። አንደኛው ተጫዋቹ የት እንዳለ ሁልጊዜ ያውቃል፤ ሁለተኛው፣ የአውሬው የራሱ፣ አያውቅም፣ ጥቆማ ብቻ ይደርሰዋል። ጭንቀቱ ሲበዛ የመጀመሪያው አእምሮ አውሬውን ያርቀዋል። ዘዴው ቢራቀቅም ሥሩ ሰባት ሰከንድ የመበተን፣ ሃያ ሰከንድ የማሳደድ ዑደት ነው።

የሳንቲሙ ሐቅ

እነዚያ ማሽኖች ሃይማኖተኛ አልነበሩም፤ ሥራቸው ሳንቲም መሰብሰብ ነበር። ባለቤቱ ተጫዋቹ ቶሎ እንዲሞት ይፈልጋል፤ ቶሎ ካልሞተ ሌላ ሳንቲም አይገባም። ሆኖም ተጭበረበርኩ ያለ ሰው ሁለተኛ ሳንቲም አያወጣም። ሁለተኛውን የሚያወጣው «የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ገብቶኛል» ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ጠላቱ ጨካኝም ሐቀኛም መሆን ነበረበት። የጠላት ፍትሕ የመጣው ከርኅራኄ ሳይሆን ከገበያ ነው።

ሐቀኛነቱ በጉልህ የታየው በኒንቴንዶ የቦክስ ማሽን፣ በ1984ቱ «ፓንች አውት»፣ ነው። ተጋጣሚው ከመሰንዘሩ በፊት ዓይኑ ያበራል። ያን ብልጭታ ያየ ያመልጣል፤ ያላየ ይዘረራል። ጌሙ ቦክስ ቢመስልም የሚፈተነው የማንበብ ችሎታ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ በ2019 የወጣው የፍሮምሶፍትዌር «ሴኪሮ» በተጫዋቹ ራስ ላይ ቀይ የጃፓን ፊደል ያበራል፤ በተራ መከላከል የማይመለስ ምት ሊመጣ ነው ማለት ነው። ጌሙ በአስቸጋሪነቱ ስሙ የገነነ ነው፤ ሆኖም ሳያስጠነቅቅ የሚመታ ጠላት ለማግኘት ብዙ መድከም ያስፈልጋል። በ«ዳርክ ሶልስ» እና በ«ኤልደን ሪንግ» ሰይፉን አንሥቶ ለቅጽበት የሚዘገየው ባላባትም የዚያው ቦክሰኛ ዘር ነው። «ክንዱን አነሣ!» ብሎ የሚጮኸው ተመልካች የሚያነበው ይህን ነው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግደል አይቻልም

በ1982 ዩጂን ጃርቪስና ላሪ ዴማር ለዊሊያምስ ኩባንያ «ሮቦትሮን፦ 2084» የተባለውን ሠሩ። ተጫዋቹ በመሐል ይቆማል፤ በአንድ ጆይስቲክ ይራመዳል፣ በሌላው ይተኩሳል፤ ሮቦቶች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ግራንት የተባሉት በቀጥታ ወደ ተጫዋቹ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያውቁት የለም። ኸልክ የተባሉት አይሞቱም፤ ጥይት ወደ ኋላ ይገፋቸዋል እንጂ። ብሬን የተባሉት ደግሞ ሜዳው ላይ የሚንከራተቱትን የሰው ልጆች ይዘው ወደ ጠላትነት ይለውጧቸዋል። ተጫዋቹ ሰዎቹን ሮጦ ማዳንም አለበት።

እዚህ ላይ ጠላት የሚለካው በጉልበቱ አይደለም፤ በሚያነሣው ጥያቄ ነው። ግራንቱ «ቦታ አለህ ወይ?» ይላል። ኸልኩ «መንገድ ትለውጣለህ ወይ?» ብሬኑ «ማንን ታስቀድማለህ?» ሦስቱ በአንድ ላይ ሲጠይቁ ተጫዋቹ በየሰከንዱ ይወስናል።

በ2016 ዳግም የተወለደው «ዱም» እና በ2020 የተከተለው «ዱም ኢተርናል» ይህን አስተሳሰብ እስከ ጥግ ወሰዱት። አይዲ ሶፍትዌር ተጫዋቹ ግድግዳ ተጠግቶ እንዲደበቅ አልፈለገም፤ ወደ ፊት እንዲሄድ እንጂ። ስለዚህ ጠላቱን ጎተራ አደረገው። የተዳከመ ጋኔን ቀርቦ በእጅ መጨረስ ጤና ይሰጣል፤ በመጋዝ የተቆረጠ ጥይት ያፈስሳል፤ በ«ኢተርናል» በእሳት የተለበለበ ደግሞ ጥሩር ይጥላል። የሚያስፈልግህ ሁሉ ያለው ልትሸሸው በምትፈልገው ጠላት ላይ ነው። እያንዳንዱ ጋኔንም የራሱ መፍትሔ አለው፤ የሸረሪቱ መሣሪያ ተነጥሎ ይመታል፣ ተንሳፋፊው ባለ አንድ ዓይን ቦምብ ይጎርሳል።

ከመጋረጃው በስተጀርባ ደግሞ ሌላ ሐቀኛነት አለ። በ2016ቱ «ዱም» ጋኔኖቹ እንዳሻቸው አያጠቁም፤ ማጥቃት የሚችለው የማጥቃት ፈቃድ የያዘ ነው፤ ፈቃዶቹም የተቆጠሩ ናቸው። ሜዳው ላይ ብዙ ጋኔን ቢያገሳም የሚሰነዝሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌሎቹ ይዞራሉ፣ ያስፈራራሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። ተጫዋቹ ይህን ሥርዓት አያየውም፤ የሚሰማው «ከባድ ነበር፣ ግን ቻልኩት» የሚል ስሜት ነው።

ከሁሉም የሚገርመው የፊንላንዱ ሀውስማርክ ታሪክ ነው። ይህ ስቱዲዮ ለረጅም ጊዜ የሳንቲም ማሽኖችን መንፈስ የተከተሉ ጌሞች ሲሠራ ኖረ። በ2017 ራሱን ጃርቪስን ጋብዞ «ኔክስ ማኪና»ን ሠራ። ተቺዎች አመሰገኑት፤ ገበያው ግን ፊቱን አዞረ። በዚያው ዓመት ስቱዲዮው አርኬድ፣ ማለትም የሳንቲም ማሽን ዓይነት ጌም፣ ሞቷል ብሎ በይፋ አወጀ። በ2021 ያወጣው «ሪተርናል» የተዋበ ዓለምና ታሪክ ያለው ትልቅ ጌም ነው፤ ጠላቶቹ የሚተኩሱት ግን ቀለማቸው የደመቀ፣ እንደ መጋረጃ የሚዘረጉ የብርሃን ኳሶች ነው። ዓይን ሊያነባቸው፣ እግር ሊያመልጣቸው ይችላል። ሞተ የተባለው አርኬድ አዲስ ልብስ ለብሶ ነበር፤ «ሪተርናል» በ2022 የብሪታንያውን የባፍታ የምርጥ ጌም ሽልማት ወሰደ።

ድንበሩ ላይ የደረሰው

ሱዳን ከ1997 እስከ 2017 ሰፊ የአሜሪካ ማዕቀብ ተጥሎባት ቆይታለች። ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ አይሠራም ነበር፤ ገንዘብ ከፍሎ ጌም ከኢንተርኔት መግዛት የማይታሰብ ነበር። ጌም የሚደርሰው ከእጅ ወደ እጅ፣ በሚሞሪ ካርድና በብሉቱዝ ነበር። ከድንበሩ ወዲህ ያለውም ታሪክ ብዙ አይለይም። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ጌም የኖኪያው እባብ ነው፤ በ1997 በኖኪያ 6110 ስልክ ላይ የመጣው ይህ ጌም ራሱ በ1976 «ብሎኬድ» ከተባለ የሳንቲም ማሽን የወረደ ነው። የእባቡ ጠላት የራሱ ጅራት መሆኑን ልብ ይሏል፤ በበላ ቁጥር ጠላቱን ያሳድጋል።

ኔትወርክም የሚታመን አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ በሱዳን በፌብሩዋሪ 2024 አገሪቱ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ከኔትወርክ ውጭ ሆና ነበር። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከሩቅ ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ የማይነሣ ጌም ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው በትንሽ ስልክ፣ ያለ ኔትወርክ፣ በጥቂት ባትሪ የሚሠራ ነው፤ ይህ ደግሞ የድሮዎቹ ማሽኖች ሁኔታ ነው።

ዓለምም ወደዚያው ሲመለስ አይተናል። ጣሊያናዊው ሉካ ጋላንቴ የሠራው «ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ» በ2022 ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ሥዕሉ የድሮ ካሴት ጌም ይመስል ነበር። ጠላቶቹ የሌሊት ወፍና አጽም ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ወደ ተጫዋቹ መሄድ። የግራንቱ ሕግ ሳይጨመር ሳይቀነስ! ብዛታቸው ግን ስክሪኑን ይሞላዋል። በ2023 ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸውን ተፎካካሪዎች ጥሎ የባፍታን የምርጥ ጌም ሽልማት ወሰደ፤ በስልክም በነፃ ይገኛል።

ፊት የሌለው ጠላት

በገዳሪፍ ስለ ጠላት ሲወራ ጌም ብቻ ትዝ አይልም። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱ በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኡም ራኩባና በቱነይድባ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ከዋና ከተማዋ፣ ቀጥሎም ከጀዚራና ከሲናር የተፈናቀሉ ሱዳናውያን ወደ ገዳሪፍ ጎረፉ፤ ሌሎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በኩመር መጠለያ ተቀመጡ። ለእነዚህ ሰዎች ጠላት ሳያስጠነቅቅ የሚመታ ነው። ክንዱን አያነሣም፣ ዓይኑ አያበራም፣ ፋታ አይሰጥም። በዚህ ስፍራ የሚኖር ወጣት በጌም ጠላትና በእውነተኛው መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ሊያስረዳው አይገባም፤ የሚጫወተውም አንዱ ቢያንስ ሕግ ስላለው ይሆናል።

ልዩነቱን ወደ ጌም የመለሰ የአካባቢው ሰው አለ። የደቡብ ሱዳኑ ሉዋል ማየን ቤተሰቡ ከጦርነት በሚሸሽበት ጊዜ የተወለደ፣ በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች መጠለያ ያደገ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት ያጠራቀመችውን 300 ዶላር ከፍላ ላፕቶፕ ገዛችለት። «ሰላም» በተባለው ጌሙ ተጫዋቹ ከጦርነት የሚሸሽ ስደተኛ ነው፤ ይሮጣል እንጂ አይተኩስም። ጠላቱ ቦምቡ ብቻ አይደለም፤ ውኃ ማለቁ፣ ምግብ ማጣቱም ነው። ማየን በ2018 በዓለም አቀፉ የጌም ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ዕውቅና ተሰጥቶታል። የማምለጥ ጌም ስልት በኛም አገር ተሞክሯል፤ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» በምትሮጥ ዶሮ ዙሪያ የተገነባ ነው። እንዲህ ያሉ ሥራዎች ጠላት የግድ ጠመንጃ መያዝ እንደሌለበት ያሳያሉ፤ ሕግ ካለውና ተጫዋቹን ካስወሰነ፣ ጥምም ጠላት ይሆናል።

ግሪሳ ቢሳል

እንግዲህ አንድ የመተማ ወይም የገዳሪፍ ወጣት ጌም ልሥራ ቢል ጠላቱን ከየት ያመጣል? ከሕዋ መበደር አያስፈልገውም። በማሽላ ማሳ መሐል ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ የሚያጮኸው ጠባቂ፣ ከላዩ የሚወርድበት የግሪሳ መንጋ፣ ከታቹ የሚያድነው እሸት፤ ይህ «ስፔስ ኢንቬደርስ» ከመፈጠሩ በፊት የነበረ «ስፔስ ኢንቬደርስ» ነው።

ግሪሳ በዓለም ላይ በቁጥሩ ተወዳዳሪ የለውም ከሚባሉት የዱር አእዋፍ አንዱ ነው። አንዷ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ የሁለት ሚሊዮን መንጋ በቀን 20 ቶን ይጨርሳል ማለት ነው። ጠባዩም የሚታወቅ ነው፤ ጠዋትና ወደ ማታ ይመገባል፣ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጎ ያርፋል፣ አንዷ ስትደነግጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። የመበተንና የማሳደድ ዑደቱ ተፈጥሮ የሰጠችው ነው። ሕጉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ ጠባቂ ወደሌለበት የማሳው ጠርዝ ሂድ፤ ድምፅ ከሰማህ ከመንጋህ ጋር ተነሣ።

ሁለተኛው የበረሃ አንበጣ ይሁን። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል፤ በቀን የሚበላው 35,000 ሰው ይመግባል። ቀን ከነፋሱ ጋር ይበርራል፣ ማታ ያርፋል። ሕጉ፦ ነፋሱ ወደሚሄድበት ሂድ። ጩኸት አይመልሰውም፤ የሮቦትሮኑ ኸልክ ዘመድ ነው። ማስጠንቀቂያው ነፋሱ ራሱ ነው፤ የማሽላው ቅጠል ያዘነበለበትን ያየ ተጫዋች ዝግጅቱን ያውቃል።

ሦስተኛው ጠላት ፊት የለውም፤ ጊዜ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ በቶሎ ካልታጨደ ፍሬ መያዣው ራሱ ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ሕጉ፦ በየደቂቃው ጥቂት ተከፈት። ብቻውን ሲያዩት ቀላል ነው። ነገር ግን ተጫዋቹ ግሪሳን ለማባረር ማሽላው ዘንድ ሲሮጥ ሰሊጡ ይረግፋል፤ ሰሊጡን ሲያጭድ ግሪሳው ይወርዳል፤ ሁለቱን አመጣጥኖ ሲጨርስ ነፋሱ ይዞራል። ሦስቱ ጠላቶች አይተዋወቁም፣ አልተማከሩም፤ ተጫዋቹ ግን ያደሙበት ይመስለዋል። የፓክማን አራቱ መናፍስት ምስጢር ይኸው ነው።

መሣሪያውም ሩቅ አይደለም። ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ክፍያም ሆነ ድርሻ አይጠይቅም፣ በአንድሮይድ ስልክም ላይ ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አያስፈልገውም። ከዚያ በፊት ደግሞ መሬት ላይ ካሬ ተሠርቶ በጠጠር መሞከር ይቻላል። አንዱ ጠባቂውን ይይዛል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጠላት ይዘው ሕጋቸውን ብቻ ተከትለው ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከተሰጠው ሕግ መውጣት ክልክል ነው።

ሙከራው የሚፈተነው በተሸናፊው ንግግር ነው። ጠጠሩን ጥሎ «ይሄማ ማጭበርበር ነው» ካለ ሕጉ ተደብቆበታል ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ይጨመርለታል፣ ወይም ፋታ። «ቆይ፣ ሰሊጡን ማስቀደም ነበረብኝ፤ እንደገና እንጀምር» ካለ ግን ጠላቱ ተሠርቷል። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል።